ጠፍሩን የያዘው እጅ

ባለፈው ሳምንት አንድ ማታ፣ በተከራየንበት ግቢ ያሉት ተማሪዎች አንድ ስልክ ከበው ሲንጫጩ ጠጋ ብዬ አየሁ። ነገሩ ኒው ዚላንድ ውስጥ፣ ኦክላንድ በሚባለው ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የተከፈተ፣ 328 ሜትር የሚረዝም፣ ስካይ ታወር የሚሉት ማማ አላቸው። ሰውየው አገር ሊጎበኝ የሄደ እንግዳ ነው። ልዩ ልብስ አልብሰው፣ ትከሻውንና ጭኑን በማሰሪያ ጠፍንገው፣ 192 ሜትር ከፍታ ላይ ጫፍ አቆሙት። ቆጠሩለት። ዘለለ! በሰዓት እስከ 85 ኪሎ ሜትር እየተምዘገዘገ ዐሥራ አንድ ሰከንድ ያህል ወረደ፤ መሬት ሊነካ ሲል ግን ፍጥነቱ በረደና እንደ እርግብ ቀስ ብሎ አረፈ። ከዚያማ ይስቃል።

«ይኸ እኮ ገንዘብ ተከፍሎበት ነው» አለ አንዱ።

«ኧረ እኔን ከፍለውኝም አልሞክራት!» አለ ሌላው። «ደግሞስ ገደል አጥተን ነው? ጉና ሥር ተወልደን?»

ሳቁ። እኔም ሳላስበው «እኔ እንኳ አንድ ጊዜ ሞክሬዋለሁ» አልሁ። ማማ ባይሆን ገደል፣ ሽቦ ባይሆን ጠፍር መሆኑን ነገርኋቸው፤ ደብረ ዳሞ እንዴት እንደ ወጣሁና እንዴት እንደ ወረድሁ አወራሁላቸው። ያወራሁት ግን ግማሹን ነው። ሌላው ግማሽ ከቤት ወጥቶ አያውቅም። ይኸውና ለመጽሔታችን ጻፍሁት።

በመጀመሪያ ስለ ነገሩ ጥቂት ልበል። ሰው ከ192 ሜትር ያለ ማሰሪያ ቢወድቅ ስድስት ሰከንድ ያህል ነው የሚቆየው። የአየሩን ግፊት ትተን ብናሰላው መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር ያልፋል። የዘላዩን ነፍስ የሚያተርፈው እንግዲህ ገመድ መታሰሩ ብቻ አይደለም፤ ገመዱ የሚለቀቅበት ልክ ነው። ለእንዲህ ያለ አወራረድ ከሚያገለግሉት መሣሪያዎች አንዱ ሽቦው የተጠመጠመበትን መሽከርከሪያ ከማራገቢያ ጋር ያያይዘዋል። ሰውየው በፈጠነ ቁጥር ማራገቢያው ይፈጥናል፤ ማራገቢያው በፈጠነ ቁጥር አየሩ ይከብደዋል፤ የከበደው ማራገቢያ ሰውየውን መልሶ ይይዘዋል። ዘሎ መውረድንና ወድቆ መሞትን የሚለያቸው ልጓም ነው ማለት ነው።

ፈረንጆቹ ጨዋታውን ከባዶ አላመጡትም። በፓስፊክ ውቅያኖስ፣ በቫኑዋቱ፣ ጴንጤቆስጤ በምትባል ደሴት የሚኖሩ ወንዶች ከጥንት ጀምሮ የእንጨት ማማ ሠርተው፣ ቁርጭምጭሚታቸውን በሐረግ አስረው በራሳቸው ቁልቁል ይወረወራሉ። የሐረጉ ርዝመት በስንዝር ቢሳሳት አለቀ። እ.ኤ.አ. በ1987 ደግሞ ሃኬት የሚባል የኒው ዚላንድ ሰው እግሩን በሚለጠጥ ገመድ አስሮ ከፓሪሱ ኤፌል ማማ ዘለለ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ በየአገሩ የእንግዳ መዝናኛ ሆነ።

የኛ አገር ሰው ግን ገመድና ገደልን የሚያውቃቸው ለመዝናኛ አይደለም። በጎንደር ዘመን የነገሥታቱ ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ ወህኒ በሚባለው አምባ ላይ ይጋዙ ነበር፤ እስር ቤትን ዛሬም ወህኒ የምንለው ከዚያ ወዲህ ነው። ስለ ሴባስቶፖልም ልንገራችሁ። ዐፄ ቴዎድሮስ እዚሁ አጠገባችን ጋፋት ያሠሩት መድፍ ወደ 7 ቶን ይመዝን ነበር። በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥቶ መቅደላ እስኪደርስ ወራት ፈጀ። ሰው ሁሉ የሚያነሣው አቀበቱ ላይ ስንት መቶ ሰው እንደ ጎተተው ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ቁልቁለቱ ነው። ወደ ጅዳና ወደ በሽሎ ሸለቆ ሲወረድ መጎተት ምን ያደርጋል? ከኋላ መያዝ ነው እንጂ። ያን ሁሉ ብረት ወደ ኋላ ይዞ በዝግታ ማውረድ! ከኋላ ከያዙት አንዱ እጁን ቢለቅስ? ይኸን ጥያቄ የምጠይቀው ታሪክ ስለምወድ ብቻ አይደለም። እጄን የለቀቅሁ ሰው ነኝና ነው።

አባቴ ገበሬ ነው፤ ድሮ በኅዳር የገደል ማርም ይቆርጥ ነበር። ከቤታችን ጀርባ ያለው ገደል አፋፉ ላይ ኮሶ በቅሎበታል፤ ከአፋፉ ዝቅ ብሎ ንቦች የሚሰፍሩበት ስንጥቅ አለ። አባቴ ወገቡን በመጫኛ ይታሰራል፤ የሚጤስ ኩበት በአንድ እጁ፣ ስልቻ በትከሻው ይዞ ይወርዳል። መጫኛውን አፋፉ ላይ ሆነው የሚይዙት አጎቴና አንድ ጎረቤታችን ነበሩ። የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ ጎረቤታችን ታመመና «እስቲ አንተ ና፣ ጎረመስህ አይደል?» ተባልሁ። ደስታዬን አልነግራችሁም! ከወንዶች ተቆጠርሁ።

ከአጎቴ ኋላ ሆኜ ጫፉን ያዝሁ። አባቴ ወረደ። ጭሱ ሲነሣ ንቦቹም ተነሡ። አንዷ የዐይኔ ቆብ ላይ ነደፈችኝ። አሁን ድረስ አውቀዋለሁ፤ ያመመኝ ዐይኔ ነው፤ የተነሣው ግን እጄ ነው። ሁለቱንም እጆቼን ወደ ፊቴ አነሣሁ። አጎቴ ብቻውን ቀረ፤ መጫኛው መዳፉን እየላጠ ሸሸ። ከታች ድምፅ ሰማን። አባቴ ሁለት ቁመት ያህል ወድቆ ከአንድ ደረጃ ድንጋይ ላይ አረፈ። ድንጋዩ ባይኖር ኖሮ ዛሬ ይኸን ባልጻፍሁ።

እግሩ ተሰበረ። ወጌሻ መጣና አሰረው፤ ገጠመ፤ ግን አጠረ። እስከ ዛሬ ያነክሳል። ጎረቤት ሊጠይቅ ሲመጣ «ምን ሆነህ ነው?» ሲሉት «መጫኛው በስብሶ ኖሯል፣ ተበጠሰ» ይላል። አጎቴ ቀና ብሎ ያየኛል፣ ዝም ይላል። እሱም ነገሩን እንደ ያዘው መቃብር ወረደ፤ ነፍሱን ይማረው።

መጫኛው አልበሰበሰም ነበር። እናቴ ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ሙሉ አህያ ጫነችበት፤ አንድም ቀን አልተበጠሰም። ገበያ በሄድን ቁጥር ያንን መጫኛ አያለሁ። ቤታችን ውስጥ የሚያውቀው ሁሉ ያውቃል፤ የሚናገር ግን የለም። ከዚያ ወዲህ ገደል አፋፍ መቆም እምቢ አለኝ። የምፈራው መውደቁን አልነበረም። የሌላ ሰው እጅ ነው የሚያስፈራኝ። የራሴን አይቻለኋ!

በ2007 ዓ.ም. የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ፣ በመንፈቁ ዕረፍት ከአምስት ጓደኞቼ ጋር ወደ ትግራይ ተጓዝን። ከወረታ ጎንደር፣ ከጎንደር ደባርቅ፣ ከዚያ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ወርደን በሽሬ አድርገን አክሱም ገባን። በማግሥቱ ዓድዋን አልፈን፣ ቢዘት ከምትባለው ከተማ አካባቢ ከዋናው መንገድ ተገንጥለን ደብረ ዳሞ ሥር ደረስን።

ደብረ ዳሞ አናቱ የተቆረጠ የሚመስል አምባ ነው፤ ዙሪያውን ገደል። መውጫው አንድ ነው፤ እሱም ገመድ ነው። የመጨረሻው ገደል 15 ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ከኦክላንዱ ማማ ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም፤ ሥሩ ቆሞ ቀና ላለ ሰው ግን ይበቃል። ከቆዳ የተገመደ ወፍራም ገመድ ተንጠልጥሏል፤ እሱን በእጅህ ይዘህ በእግርህ ድንጋዩን እየረገጥህ ትወጣለህ። ሌላ ጠፍር ወገብህ ላይ ይታሰራል፤ የዚያን ጫፍ ከላይ መነኮሳቱ ይይዙታል። ሴት አትወጣም፤ ሴት እንስሳ እንኳ አይወጣም። አብራን የመጣችው የክፍላችን ልጅ ጫማችንን ተቀብላ «እኔ ከዚህ ሆኜ ልሳቅባችሁ» ብላ ተቀመጠች።

መውጣቱ እንደ ፈራሁት አልሆነም። ወደ ላይ ሲወጣ የሚታየው የሚደረስበት ነውና። አምባው ላይ የአቡነ አረጋዊን ቤተ ክርስቲያን አየን። ግድግዳው አንድ ረድፍ ድንጋይ አንድ ረድፍ እንጨት እየሆነ በአክሱም ዘመን ሥራ የተሠራ ነው፤ ባገራችን እስከ ዛሬ ከሚቀደስባቸው አብያተ ክርስቲያናት እጅግ ጥንታዊ ከሚባሉት ወገን ይቆጠራል። ከተሰዓቱ ቅዱሳን አንዱ የሆኑት አቡነ አረጋዊ አምባውን የወጡት በዘንዶ ተስበው ነው ይላል ትውፊቱ። ንጉሥ ገብረ መስቀል ቤተ ክርስቲያኑን ሲያሠሩ መወጣጫ ተሠርቶ ነበር፤ ሥራው ሲያልቅ ጻድቁ «ዳሕምሞ»፣ አፍርሰው፣ ስላሉ ስሙ ከዚያ ወጣ ይባላል። በግራኝ ጦርነት ጊዜ ከዚሁ ሥፍራ የተጠጉት እቴጌ ሰብለ ወንጌል እ.ኤ.አ. በ1541 የክሪስቶቮ ዳ ጋማን ፖርቱጋሎች የተቀበሉት ከዚህ ወርደው ነው። ጦርነቱ ከሁለት ዓመት በኋላ ያከተመው ደግሞ ወደኛው አገር፣ ከጣና በስተምሥራቅ፣ ወይና ደጋ ላይ ነው።

ሁሉን አይተን ልንወርድ ወደ አፋፉ መጣን። ሦስቱ እየተሳሳቁ ወረዱ። አራተኛውም ወረደ። እኔ ቀረሁ። ጠፍሩን የሚይዙት መነኩሴ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። ወገቤን አስረው ሲጨርሱ እጃቸውን አየሁት፤ ጉልበቴ ከዳኝ።

«አባ፣ ትንሽ ልቆይ» አልሁ።

«ከየት መጣህ?»

«ከደብረ ታቦር።»

«ኧረ ሩቅ ነው! እዚህ ለመቅረት አልመጣህም» አሉና ፈገግ አሉ። «ድንጋዩን አትቀፈው። ወደ ኋላ ተጋደም፤ እግርህ ይርገጥ። አይዞኻ ወደይ!»

ተመልሼ ገመዱን ያዝሁ። ወደ ኋላ ተጋደም ያሉኝን አልሰማሁም፤ ገደሉን እንደ እናት አንገት አቀፍሁት። ገደልን ያቀፈ ደግሞ እግሩ አይረግጥም። አንድ ጊዜ አዳለጠኝ፤ ስንዝር ያህል ወደቅሁ፤ ከታች ልጅቱ ጮኸች። ከዚያ ወገቤ ላይ ጭብጥ አድርጎ ያዘኝ። ቀና ስል አባን አየኋቸው። ጠፍሩን በመዳፋቸው ብቻ አይደለም የያዙት። በብብታቸው ሥር አሳልፈው በጀርባቸው ዞረውታል፤ ተረከዛቸውን ከድንጋዩ ተክለዋል። መላ ሰውነታቸው ነው የያዘኝ። ንብ ብትነድፋቸውም እንኳ አይለቁኝም።

ያን ጊዜ ተጋደምሁ። እግሬ ድንጋዩን አገኘ። ወረድሁ። መሬት ስረግጥ እንደ ኦክላንዱ ሰው አልሳቅሁም። አለቀስሁ። ጓደኞቼ ከፍርሃት መስሏቸው እስከ አክሱም ሲቀልዱብኝ መጡ።

ቤት እንደ ተመለስሁ፣ አንድ ማታ እናቴ ከብት ልታስገባ ስትወጣ፣ አባቴን «አባየ፣ ያን ቀን እኔ ነኝ የለቀቅሁት» አልሁት። እሳቱን እየቆሰቆሰ ነበር፤ መቆስቆሱን አልተወም።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን መጫኛው በሰበሰ አልህ?»

«ምን ልበል? ልጄ ጣለኝ ልበል?» ትንሽ ዝም አለ። «ደግሞ ጥፋቱ ያንተ አይደለም። የኔና የአጎትህ ነው። ኮሶው እዚያው አጠገባችን ቆሟል። አንድ ዙር ብቻ ብንጠመጥምበት አንተ ብቻህን በያዝኸኝ ነበር። ቸኮልን። ጀንበር ሳትጠልቅ ብለን ቸኮልን። ልጅ እጅ ላይ እኮ ነፍስ አይንጠለጠልም።»

ሌላ አልተናገርንም። እናቴ ገባች፤ እራት ቀረበ። እኔ ግን ለስምንት ዓመት የተሸከምሁትን ነገር ያን ማታ ከትከሻዬ አወረድሁ። ሙሉ በሙሉ ወረደ አልልም፤ አባቴ ሲያነክስ ዛሬም አያለሁና። ቢሆንም አሁን ሁለታችን ነን የያዝነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ሆነ። ነሐሴ 2013 ላይ ጋይንትን አልፎ ወደ ጉና ሲመጣ፣ ይቺ ከተማችንም ከባድ መሣሪያ ወደቀባት፤ ሰው ሞተ። ደብረ ዳሞም ጉዳት እንደ ደረሰበት ተዘገበ። ያን ዜና የሰማሁ ቀን የታየኝ ሕንፃው አልነበረም፤ እነዚያ ቀጭን እጆች ናቸው። አባ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኋቸውም። ከየት እንደ መጣሁ ጠየቁኝ፣ ነገርኋቸው፣ ያዙኝ። በቃ።

ልጆቹ ያን ማታ «ገንዘብ ቢሰጥህ ኦክላንድ ሄደህ ትዘላለህ?» ብለው ጠየቁኝ። ብዘልም አልጠላም ነበር፤ ማራገቢያ ንብ አይፈራም። ግን መንገዱ ደህና ከሆነ አስቀድሜ የምሄደው ወደ ደብረ ዳሞ ነው፤ በጥቅምት 14፣ ለአቡነ አረጋዊ በዓል። ትናንት ለአባቴ ደውዬ ሐሳቤን ነገርሁት።

«እግሬ ደህና ቢሆን አብሬህ በወጣሁ» አለ። ከዚያ ስልኩን ሊዘጋው ሲል መለስ ብሎ፣ «ሰውየው ካሉ ጉልበታቸውን ሳምልኝ» አለኝ።