ጳጉሜን የሌለበት ቅጽ

ጳጉሜን የተወለደ ሰው ለኢንተርኔት ቅጽ ገና አልተወለደም። እኅቴ ሽሮ ሜዳ ከቤታችን ሆና የአንድ መሥሪያ ቤት ቅጽ ብትከፍት፥ ከመስከረም እስከ ነሐሴ ያሉት 12 ወሮች ብቻ ቀረቡላት፤ ጳጉሜን 3 የሚለው የልደት ምስክር ወረቀቷ ሐሰት ሊባል ነው። ሠሪው የፈረንጁን ቀን መምረጫ ወስዶ የወሮቹን ስም ብቻ የለወጠ ይመስለኛል።

መዋሱስ አያስነቅፍም፤ የሠፈራችን ሸማኔም ጥለት ከጎረቤቱ ይቀዳል። ፌስቡክ በ2013 እ.ኤ.አ. የለቀቀውን ሬአክትን የመሰሉ የጃቫስክሪፕት ላይብረሪዎች (ላይብረሪ ይባሉ እንጂ መጽሐፍ የለባቸውም) ምንጫቸው ክፍት ስለ ሆነ፥ ማንም ወስዶ እንደ ወደደ ያሻሽላቸዋል። ጃቫስክሪፕት ራሱ እንኳ «ኢትዮፒክ» ብለው ቢጠይቁት ቀኑን ከነጳጉሜኑ ይናገራል።

የኮምፒዩተር ተማሪዎች ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፥ የጎደለው አንድ ወር ብቻ ነውና በዚህ ክረምት ብትሞክሩትስ?