ከማርያም መስጊድ እስከ ጃሂሊ ምሽግ

አል ሙሽሪፍ በአቡዳቢ ደሴት መሀል ያለች የመኖሪያ ሰፈር ናት። ሰፋፊ ቪላዎቿ በረጅም አጥር ስለተከበቡ በመኪና የሚያልፍ ሰው ከአጥርና ከቡገንቪሊያ ሌላ ብዙም የሚያየው የለም። በዕረፍት ቀን ጠዋት በእግሩ የሚዞር ግን ነጠላ የተከናነቡ ሴቶች ያጋጥሙታል። እነሱን ተከትሎ ከሄደ በአረብ ምድር በብዙ ቦታ የማያየውን ያያል፤ የካቶሊኮች ቅዱስ ዮሴፍ ካቴድራል፣ የአንግሊካኖቹ ቅዱስ እንድርያስ፣ የግብፅ ኮፕቶች ቅዱስ አንጦንዮስ ካቴድራል፣ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን፣ ሁሉም ጎን ለጎን። የሮማው ጳጳስ ፍራንሲስ በ2019 እ.ኤ.አ. የካቲት ወር መጥተው የጎበኙት ይህንኑ የቅዱስ ዮሴፍ ካቴድራል ነው። ከሳቸው በፊት የአረቢያን ባሕረ ገብ መሬት የረገጠ የሮማ ጳጳስ አልነበረም።

ከአብያተ ክርስቲያናቱ አጠገብ አንድ ትልቅ መስጊድ አለ። ቀድሞ የሼክ መሐመድ ቢን ዛይድ መስጊድ ይባል ነበር። በሰኔ 2017 እ.ኤ.አ. ሼኩ ራሳቸው፣ ያኔ አልጋ ወራሽ ሳሉ፣ ስሙ «መርየም ኡም ዒሳ» እንዲሆን አዘዙ፤ የኢየሱስ እናት ማርያም ማለት ነው። እኔና ጓደኞቼ በዚህ በር ፊት ስናልፍ የወሎዋ ጓደኛችን ቆም አለችና ስለ አክሱሙ ንጉሥ ስለ ነጃሺ አወራችን። የነቢዩ ተከታዮች ከመካ ተሰደው አክሱም ሲገቡ፣ አሳዳጆቻቸው ተከትለው መጥተው «አሳልፈህ ስጠን» ሲሉ፣ ከስደተኞቹ አንዱ ጃዕፈር በንጉሡ ፊት ቆሞ የቀራው ከቁርኣን የመርየም ምዕራፍ ነው። በእስልምና ትውፊት እንደሚነገረው ንጉሡ ጢሙ እስኪርስ አለቀሰ፤ ስደተኞቹንም አልሰጥም አለ። ይህ የሆነው በ615 ገደማ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማው ያደገችውን ታሪክ በዚያ መስጊድ በር ላይ ስትነግረን፣ ክርስቲያኖቹም ሙስሊሞቹም እኩል የኛ ብለን ሰማናት።

ስለ ዕረፍት ቀን አንድ ነገር ልበል። እስከ 2021 መጨረሻ ድረስ የአገሩ የሳምንት ዕረፍት ዓርብና ቅዳሜ ነበር፤ ስለዚህ አብያተ ክርስቲያናቱም ዋናውን ጉባኤ ያደርጉ የነበረው ዓርብ ነው። ከጥር 2022 ወዲህ ቅዳሜና እሑድ ሆነ፣ ዓርብም ግማሽ ቀን። ለቤት ሠራተኛ እህቶቻችን ግን የዕረፍታቸው ቀን የትኛው እንደሆነ የምትወስነው ብዙ ጊዜ ማዳማቸው ናት። ሕጉ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን ይሰጣቸዋል። ያንን ቀን በእውነት የሚያገኙት በነጠላቸው ይታወቃሉ፤ የማያገኙት እዚያ አጥር ውስጥ ናቸው። ሙሽሪፍን ሳይ ይህን ሳላስብ አላልፍም።

ከጸሎት በኋላ ሰው ወደ ኡም አል ኢማራት መናፈሻ ይበተናል። መናፈሻው በ1982 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ለሴቶችና ለልጆች ብቻ ነበር። ታድሶ በ2015 ለሁሉም ሲከፈት የድሮ ዛፎቹ አልተነኩም፤ ጥላው ያማረው በነሱ ነው። እዚያ ሳር ላይ አንዲት በሰው ቤት ምግብ በማብሰል የሚተዳደሩ እናት ከአምባሻቸው ቆርሰው ሰጡንና ወዴት እንደምንሄድ ጠየቁን።

«ነገ አል ዓይን ልንሄድ ነው፣ እማማ።»

«የኔ ልጆች፣ እሱ በረሃ አይደለም እንዴ? ምን አለው?»

«ውሃ አለ እማማ። የሦስት ሺህ ዓመት ውሃ።»

«እንዲያ ከሆነማ ሂዱ። እግዜር በሰላም ይመልሳችሁ።»

የእማማ ጥያቄ የብዙዎቻችን ጥያቄ ነው። እዚህ አገር የምንኖር ሀበሾች ኤምሬትስ ትናንት ከአሸዋ የበቀለች አድርገን እናስባለን። የአውሮፓ ተማሪ ቅዳሜና እሑድ ሲደርስ ጓደኞቹን ይዞ ወደ ፕራግ ወይም ወደ ሮም በባቡር ይሄዳል፤ እኛ ደግሞ ታሪክ ያለው ከተማ ለማየት ቪዛ ያስፈልጋል ብለን ቁጭ እንላለን። አል ዓይን ከሙሽሪፍ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዋናው የአውቶቡስ ጣቢያ «ሐፊላት» ካርዳችንን አስነክተን ገባን፤ ወደ ሁለት ሰዓት የሚሆን መንገድ ነው። አሸዋው እየቀላ ሄዶ መጨረሻ ላይ የሐፊት ተራራ ብቻውን ብድግ ብሎ ይታያል።

ከተማዋ ፎቅ አይበዛባትም፣ ዛፍ ግን ይበዛባታል። በ2011 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ሐፊትን፣ ሂሊን፣ ቢዳ ቢንት ሳዑድንና የበረሃ ገነቶቹን አንድ ላይ ነው። ከሐፊት ግርጌ ያሉት የድንጋይ መቃብሮች 5,000 ዓመት ያህል ዕድሜ አላቸው። በ1959 እ.ኤ.አ. የዴንማርክ አርኪዮሎጂስቶች ሲቆፍሯቸው ከሜሶፖታሚያ የመጣ ሸክላ አገኙባቸው፤ ያኔ የአካባቢው አስተዳዳሪ የነበሩት ሼክ ዛይድ ናቸው ቦታውን ያሳዩአቸው።

ብዙ የቆየነው በአል ዓይን የቴምር ገነት ውስጥ ነው። 1,200 ሄክታር ላይ ከ147,000 በላይ የቴምር ዛፎች አሉ፤ ዝርያቸው ወደ መቶ ይደርሳል። በጭቃ ግንብ መሀል በተሠራው ጠባብ መንገድ ስንገባ ሙቀቱ ወዲያው ቀለል አለን። ከላይ ቴምሩ ጥላ ይሆናል፣ ከሥሩ ማንጎ፣ ሎሚ፣ ሙዝና በለስ፣ ከነሱ ሥር ደግሞ የከብት መኖ። ይህን ሁሉ ያኖረው «ፈለጅ» የሚሉት ቦይ ነው። ከተራራው ግርጌ የከርሰ ምድር ውሃ ካለበት ጀምሮ ከመሬት በታች ዋሻ ይቆፈራል፤ ዋሻው እጅግ በትንሹ እያዘቀዘቀ ውሃውን ያለ ምንም ሞተር እስከ ማሳው ያደርሰዋል። በየመሀሉ ለመጥረጊያ የሚወረድባቸው ጉድጓዶች አሉት። በዚህ አካባቢ የተገኙት የመጀመሪያዎቹ ፈለጆች 3,000 ዓመት ገደማ ዕድሜ አላቸው። የምንማረው ኢንጂነሪንግ ስለሆነ ቦዩ ዳር ተቀምጠን ስለ ቁልቁለቱ መጠን ረጅም ክርክር ገጠምን፤ ያለ መሣሪያ እንዴት ለኩት?

ውሃው የሚከፋፈለው በሰዓት ነበር። «ዐሪፍ» የሚባለው የፈለጁ ሹም ቀን የፀሐይን ጥላ፣ ሌሊት ከዋክብትን እያየ ለእያንዳንዱ ባለመሬት ተራውን ይሰጥ ነበር። ጎጃሜው ጓደኛችን ይህን ሲሰማ «የውሃ አባት በሉኛ!» አለ። በሱ አገር በመስኖ በሚታረስበት ወንዝ ዳር ሁሉ ተራ የሚያዝ፣ ያለ ተራው የቀደደውን የሚቀጣ የውሃ አባት አለ።

ጃሂሊ ምሽግ ከገነቱ በእግር የሚደረስ ነው። ከ1891 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአቡዳቢው ገዥ በቀዳማዊ ዛይድ ዘመን የተሠራ የጭቃ ጡብ ምሽግ ሲሆን፣ ጥግ ላይ ያለው ክብ ግንብ ደረጃ በደረጃ እየጠበበ ወደ ላይ ይወጣል። ውስጡ ለአንድ እንግሊዛዊ ተጓዥ የተሰጠ ቋሚ የፎቶ ኤግዚቢሽን አለ። በደዊኖቹ «ሙባረክ ቢን ለንደን» ይሉት ነበር፤ እውነተኛ ስሙ ዊልፍሬድ ቴሲገር ነው። የተወለደው አዲስ አበባ ነው።

አባቱ የእንግሊዝ መልእክተኛ ስለነበሩ በ1902 ዓ.ም. እዚያው በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ ውስጥ ተወለደ። ከሰገሌ ጦርነት በኋላ የራስ ተፈሪ ጦር ድል አድርጎ አዲስ አበባ ሲገባ የስድስት ዓመት ልጅ ሆኖ አይቷል፤ ያ ትዕይንት በሕይወቱ ሁሉ ያልለቀቀው እንደሆነ ራሱ ጽፏል። ተፈሪ ንጉሠ ነገሥት ሆነው ዘውድ ሲጭኑም በ1923 ዓ.ም. ተጋብዞ መጣ። ከዚያ አዋሽን ተከትሎ አፋር ምድር ውስጥ እስከሚጠፋበት አቤ ሐይቅ ሄደ። ሩብ አል ኻሊን፣ ያንን ባዶ በረሃ፣ ከበደዊኖች ጋር በግመል ሁለት ጊዜ ያቋረጠው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ በ1948 እ.ኤ.አ. እዚሁ አል ዓይን ሙወይጂ ደርሶ የወጣቱ ሼክ ዛይድ እንግዳ ሆነ። በፎቶዎቹ ላይ ከጀርባቸው ጠመንጃ፣ ከወገባቸው ጩቤ ያለባቸው ቀጫጭን ወጣቶች ቢን ከቢናና ቢን ገበይሻ አብረውት ያቋረጡት ናቸው።

የኔ እምነት ይህ ነው፤ ቴሲገርን ወደ በደዊኖቹ የወሰደው እንግሊዝ አገር ያገኘው ትምህርት ሳይሆን አዲስ አበባ ያየው ነገር ነው። ጋሻና ጦር ይዞ በፈረስ የሚመጣ ሠራዊት ያየ ሕፃን ዕድሜውን ሁሉ የዚያን ዓይነት ሕዝብ ሲፈልግ ኖረ። አረቢያ ውስጥ ያገኘውን ለዓለም አሳየ፤ የኤምሬትስ ሰዎችም ከነዳጅ በፊት የነበረ ኑሯቸውን ዛሬ የሚያዩት ባብዛኛው በሱ ፎቶ ነው። እንግዲህ የነሱ ትዝታ መንገዱ በእኛ ከተማ በኩል አልፏል። የሀበሻ ልጆች በትምህርት ቤት ጉብኝት ጃሂሊ ሲገቡ ይህን የሚነግራቸው ሰው ቢኖር ምንኛ ጥሩ ነበር።

ጎጃሜው ልጅ ግን ሌላ ነገር ነበር የያዘው። ቴሲገር በ1933 ዓ.ም. ጣሊያንን ለማስወጣት ከጃንሆይ ጋር በጎጃም በኩል በገባው የጌዴዎን ጦር ውስጥ ዘምቷል። ወደ አቡዳቢ ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ በቦቲም ለአባቱ ደወለ።

«አባዬ፣ በላያ ተራራ ላይ ከጃንሆይ ጋር እንግሊዞች ነበሩ የሚባለው እውነት ነው?»

«ነበሩ እንጂ! የአባቴ ታላቅ ወንድም እህል በበቅሎ ጭነው አድርሰውላቸዋል። ምነው ልጄ፣ ማን ነገረህ?»

ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጎ መሀላችን አስቀመጠው። አባትየው ስለ በቅሎዎቹ፣ ስለ በላያ መውጫ፣ ከጦሩ ጋር ስለመጡትና መንገድ ላይ ስለሞቱት ግመሎች ሲያወጉ እኛ እየጠየቅን፣ የሙሽሪፍ መብራቶች እስኪታዩ ድረስ አላቋረጥናቸውም።