መቻል የሚባል ቡችላ

አሜሪካን አገር ቨርጂኒያ የሚኖር አንድ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ሦስት ልጆቹን ትምህርት ቤት አይልክም። እናታቸው እቤት ታስተምራቸዋለች። ጠዋት በጸሎት ይጀምራሉ፤ ሒሳቡም ሳይንሱም ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር እየተዛመደ ይሰጣል፤ ሕጉም ይፈቅድላቸዋል። በቅርቡ ደውሎ «አንተ ሰው፣ ልጆችህን ለፈረንጅ አስረክበህ እንዴት እንቅልፍ ይወስድሃል?» አለኝ። በስልክ የመለስኩለት አጭር ነበር። ረዥሙን እዚህ ልጻፈው፤ አምስተርዳምም ሆነ ሮተርዳምና ዘ ሄግ ያለ ወላጅ ሁሉ ማታ ማታ የሚያብሰለስለው ጥያቄ ነውና።

በመጀመሪያ ነገር ሆላንድ አሜሪካ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣው የግዴታ ትምህርት ሕግ አምስት ዓመት የሞላውን ልጅ ሁሉ ትምህርት ቤት ያስገባል። ቀዳዳ የለውም አይባልም። በአካባቢዬ ያሉት ትምህርት ቤቶች ሁሉ የሚከተሉት ሃይማኖት ወይም አመለካከት ከእምነቴ ጋር አይስማማም የሚል ወላጅ በጽሑፍ አስታውቆ ከግዴታው ነፃ ሊሆን ይችላል፤ ማስታወቂያውንም በየዓመቱ ማደስ አለበት። ልጁ አንዴ ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ ግን በዚያች ቀዳዳ መሹለክ ከባድ ነው። ደግሞስ በምን አፋችን ነው ትምህርት ቤት ጠፋ የምንለው? በ1917 (እ.ኤ.አ.) በተሻሻለው ሕገ መንግሥታቸው መሠረት የሃይማኖት ትምህርት ቤት ከመንግሥቱ እኩል ገንዘብ ያገኛል። ካቶሊኩ፣ ፕሮቴስታንቱ፣ እስላሙ የየራሱን ከፍቷል።

ስለዚህ ልጆቼ ይማራሉ፤ ደስ ብሏቸውም ይማራሉ። ታላቂቱ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ ታናሹ ስምንት። ዋና፣ ብስክሌት፣ ማባዛት፣ መከራከር፣ ሁሉንም ያውቃሉ። የማያውቁት አያታቸውን ማነጋገር ነበር። እናቴ ደብረ ማርቆስ ሆና ስልክ ስትደውል «ደህና ነኝ» ይሉና ስልኩን እንደ ትኩስ ድንች ወደኔ ይወረውሩታል። ለኛ ለወላጆች የተረፈችን ረቡዕ ከሰዓት፣ ቅዳሜና የማታ አንዳንድ ሰዓት ናት። በዚያች ሰዓት ውስጥ ነው አማርኛውንም ሃይማኖቱንም መጨረስ ያለብን። የፊደል ገበታው ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ታላቂቱ እስከ «ቀ» ድረስ ትንደረደርና ትቆማለች።

ባለፈው ዓመት የባለቤቴ የሥራ ባልደረባ ውሻ ወለደች። ባለቤቴ አንዱን ቡችላ በካርቶን ይዛ ስትመጣ ልጆቹ በደስታ አበዱ። እኔ ደግሞ ዝም አልኩ። መቼም የጎጃም ልጅ ውሻ እቤት ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተኝቶ ሲያይ የሚሰማውን አንባቢ ያውቀዋል። ውሻ ደጅ ነው፤ ሥራው ሌባና ጅብ ማባረር ነው። በቤት ውስጥ ውሻ የታቀፉ ሰው ቢኖሩ ጃንሆይ ናቸው፤ ሉሉን። እኔ ደግሞ ጃንሆይ አይደለሁም።

በመጨረሻ በአንድ ውል ተስማማን፤ ውሻው በአማርኛ ብቻ ነው የሚያድገው። በሆላንድኛ ያዘዘው ሰው የዚያን ቀን ፌስታል ይዞ እዳሪውን ይለቅማል። (ዘ ሄግ ሄዶ ሁለተኛ ዲግሪ የሠራ ሰው በየማለዳው ፌስታል ይዞ ስሎተርፕላስ ሐይቅ ዳር ጎንበስ ቀና ይላል ብሎ ማን ገመተ! ሐይቁ ራሱ ከጦርነቱ በኋላ እነዚህን የኛን ሰፈሮች ለመሥራት አሸዋው ተቆፍሮ ሲወጣ የተፈጠረ ጉድጓድ ነው። ሆላንዶች ከጉድጓድ ሐይቅ ይሠራሉ።)

ስሙን ማውጣት ራሱን የቻለ ትምህርት ሆነ። ልጆቹ «ማክስ» ይባል አሉ። እኔም በአገራችን የውሻ ስም ለውሻው ብቻ እንደማይወጣ ነገርኳቸው። ጎረቤት የበደለው ሰው በቀጥታ መናገር ሲያፍር ለውሻው መልእክት ያለው ስም ያወጣና በየማታው ጮክ ብሎ ይጠራዋል፤ የሚመለከተው ሰው አጥር ተሻግሮ ይሰማል። እንደ ጋዜጠኛ ሳስበው ሳንሱር የማይደርስበት የኅትመት ዘዴ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በየግቢው «ቡቺ» እና «ጃክ» ቢበዙም «መቻል» የሚባል ውሻ ያላወቀ የለም። ታላቂቱ «መቻል ማለት ኩነን ማለት አይደለም እንዴ?» አለች፣ በሆላንድኛው። ነው፤ ግን ሸክምን መቻል፣ ሰውን መቻል፣ ክፉ ቀንን መቻልም አለ አልኳት። ለአንድ ቃል ሁለት ሰዓት ተቀመጥን። ስሙ ጸደቀ። በማግሥቱ ስሙን በካርቶን ላይ ልትጽፍ ብድግ አለች። «ቻ» ከ«ቀ» በኋላ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ናት። ሦስት ዓመት የቆመችበትን ድንበር ለውሻው ስትል ተሻገረችው።

መቻል ሲመጣ በቆዳው ሥር ቺፕ ተቀብሮለት፣ ሰማያዊ የአውሮፓ ፓስፖርት ይዞ ነው። ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ቺፑ፣ ከኅዳር 2021 ጀምሮ ደግሞ ፓስፖርቱ በሕግ ግዴታ ነው። እኔ ፓስፖርት እስካገኝ ስንት ክረምት እንዳለፈ ለማስታወስ ጣቶቼ አይበቁም፤ እሱ በሁለት ወሩ ያዘው። ይህን ቀልድ ያልነገርኩት አበሻ የለም፤ ሁሉም ይስቃል፤ ከሳቀ በኋላ ግን ትንሽ ዝም ይላል።

ወደ ትምህርቱ ልመለስ። በልጆች ሆላንድኛ ለወንድም ለሴትም፣ ለትንሽም ለትልቅም «ኮም» ነው። ታናሹ ልጄ አያቱን «ና» ይላት የነበረው ከዚህ የተነሣ ነው። አሁን ግን ውሻው ወንድ ስለሆነ «ና»፣ «ተቀመጥ»፣ «ተው»፣ «አምጣ» ሆነ። ሐይቁ ዳር አንዲት ሴት ውሻ አግኝተው ታላቂቱ «ነይ! ነይ!» ስትላት ባለቤትየዋ ሆላንዳዊት ግራ ተጋብታ ቆመች። ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ከልጆቹ ነው። «ለመቻል ና ከተባለ ለአያታችንስ?» ለእርሳቸው «ይምጡ» ነው አልኳቸው። ታናሹ ጥቂት አሰበና «አሃ፣ ና የውሻና የወንድሜ ነው» አለ። ወንድም የለውም፤ ግን ገብቶታል። የሰዋስው መጽሐፍ በዚህ ፍጥነት ያስተማረው ልጅ አላየሁም።

ሃይማኖቱ ላይ ስንደርስ ነገሩ ጠበቀ። እሑድ ለቅዳሴ ሮተርዳም ስንሄድ መቻል እቤት ይቀራል፤ በዚህ ድርድር የለም። ውሻ ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር ሲባረር እያየን ነው ያደግነው። ታናሹ ግን የውሻውን ወሬ በየሄደበት ይዘራልና አንድ የምናከብራቸው አዛውንት ሰሙ። «ልጄ፣ ውሻ ባለበት ቤት መልአክ አይቀርብም» አሉት። ልጁ ዓይኑ እንባ አቀረረ። የሚገርመው፣ ከኛ በታች የሚኖሩት ሞሮኳዊት እናትም ደረጃ ላይ ያንኑ ቃል ብለውናል፤ በእርሳቸው ሃይማኖት የውሻ ልጋግ ልብስ ከነካ ለሶላት መታጠብ ያስፈልጋል። ስለዚህ ልጆቹ «ታንተ» የሚሏቸውን እኚህን ሴት ሲያዩ ማሰሪያውን አሳጥረው ግድግዳ ጥግ ቆመው ያሳልፏቸዋል። አንድ ቀን ታንተ ቆም ብለው በዋሻ ውስጥ ለብዙ ዘመን የተኙትን ወጣቶች ታሪክ ነገሯቸው፤ በቁርአኑ ውስጥ ከወጣቶቹ ጋር ውሻም አለ። እኛም ዘንድ የኤፌሶን ሰባት ወጣቶች ይባላሉ ብዬ ጨመርኩበት። ለባልንጀራ ማሰብን በቃል ከማስተማር ይልቅ ደረጃ ላይ ማሰሪያ ማሳጠር ይቀላል።

የአዛውንቱን ቃል ግን እንዲሁ ማለፍ አልተቻለም። ቅዳሜ መጽሐፍ አወጣን። በአማርኛው የማቴዎስ ወንጌል ከነናዊቷ ሴት ስለ ልጇ ስትለምን የምትጠቅሳቸው በማዕድ ሥር ፍርፋሪ የሚለቅሙት ውሾች «ቡችሎች» ነው የሚባሉት። ታናሹ ቃሉን ሲሰማ ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ። ቀጥለን መጽሐፈ ጦቢትን ከፈትን፤ ከሰማንያ አንዱ መጻሕፍታችን አንዱ ነው። ጦቢት ተማርኮ ነነዌ የተወሰደ ስደተኛ ነው። ዓይኑ ጠፍቷል። ልጁ ጦብያ አባቱ ያስቀመጠውን ብር ሊያመጣ ወደ ሜዶን አገር ሲሄድ ሰው መስሎ የሚመራው ቅዱስ ሩፋኤል ነው፤ ከኋላቸው ደግሞ ውሻው ይከተላል። ታላቂቱ ገጹን በጣቷ ይዛ «አባዬ፣ መልአኩና ውሻው አብረው ነው የሄዱት!» አለች። እሑድ ሄዳ ለአዛውንቱ ልትነግራቸው ተነሣች። ትልቅ ሰው ይጠየቃል እንጂ አይረታም አልኳት። እሷም በሚገባ አማርኛ «አባባ፣ የጦብያ ውሻስ እንዴት ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው። እርሳቸው ጺማቸውን ዳሰስ አድርገው «መንገድ ላይ ነው የተከተለው፤ ቤት ገብቷል አይልም» አሉ። አዋቂ ሰው ናቸው፤ ምን ይባላል?

በትምህርት ቤት ዕረፍት ጊዜ በ1 ቁጥር ትራም ሪይክስሙዚየም ወሰድኳቸው፤ ለልጆች በነፃ ነው። ሬምብራንት እ.ኤ.አ. በ1626 ገና የሃያ ዓመት ልጅ ሳለ የሣለው የጦቢትና የሐና ሥዕል የዚያ ነው። ዓይነ ስውሩ ጦቢት እጆቹን አጣምሮ ይጸልያል፤ ሚስቱ ሐና የፍየል ግልገል ታቅፋ ቆማለች፤ ከእግሩ አጠገብ ትንሽ ውሻ አለ። «እቤት ውስጥ ነው!» ብሎ ታናሹ ጮኸና የጥበቃውን ሠራተኛ አስደነገጠ። አዛውንቱ በኋላ ይህን ሲሰሙ «ሠዓሊው ሆላንዴ ነው» ብለው ዘጉት።

እኔ ግን ያየሁት ውሻውን አይደለም። ሐና በሰው አገር ሸማ እየሠራች በደመወዝ ቤቱን ታስተዳድራለች። አሠሪዎቿ ከደመወዟ ሌላ ግልገሏን ጨምረው ሰጧት፤ ባሏ ግን የሰረቅሽው ነው መልሺ ብሎ ጨቀጨቃት። አገሩ ላይ ሰው ይሰማው የነበረ፣ አሁን ግን ቁጭ ብሎ የሚስቱን እጅ የሚያይ ወንድ እንዲህ ያለ ነገር ይናገራል። እዚህ ስንት ቤት ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ። ባለቤቴ አጠገቤ ቆማ ሥዕሉን ስታይ ቆየችና «ግልገሏ ታምራለች» አለች። ሌላ ምንም አላለችም።

ጳጉሜን 3 ቀን የሩፋኤል ዕለት ዘነበ። ኒው ዌስት ላይ ዝናብ ለመዝነብ በዓል አይጠብቅም፤ ግን ዘነበ። ልጅ ሳለን የሩፋኤል ጠበል ነው ተብሎ ራቁታችንን ዝናብ ውስጥ እንሮጥ እንደነበር ነገርኳቸውና ከነካናቴራቸው ወደ ሣሩ ወጡ፤ ከመቻል ጋር። ከየበረንዳው ሰው ያያል። «ለመቻልም ጠበል ይሆናል?» ብሎ ታናሹ ጠየቀኝ። ውሻው የሩፋኤል ወዳጅ ነበር አልኩት፤ ከዚህ በላይ የነገረ መለኮት ዕውቀት የለኝም።

በሁዳዴ ደግሞ ሌላ ፈተና መጣ። እኛ ሽሮ ላይ ነን፣ መቻል ሥጋ ይበላል። ሥጋውን በእጃቸው ቆራርጠው የሚሰጡት ልጆቹ ናቸው። ታናሹ የመጀመሪያውን ሳምንት «እሱ ለምን አይጾምም?» እያለ አለቀሰ፤ በሦስተኛው ሳምንት እጁን ታጥቦ ወደ ሽሮው ዝም ብሎ መምጣት ጀመረ።

የሟቹ አባቴ ነገር ሳይነሣ አይቀርም። አባቴ በልጅነቱ ቆሎ ተማሪ ነበር፤ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ለምኖ ነው ዳዊት የደገመው። የቆሎ ተማሪ በትር የሚይዘው ለሌላ አይደለም፤ ለውሻ ነው። አባቴን ከበትሩ ቀድሞ ያገኘው አንድ ውሻ ባቱ ላይ የተወለት ጠባሳ እስኪሞት አብሮት ነበር። ለልጆቼ ስነግራቸው መቻልን በጥርጣሬ አዩት።

ባለፈው እሑድ እናቴ ደወለች። ስልኩን ያነሣው ታናሹ ነው። «እማማ፣ ደህና ነዎት? እርስዎ መቼ ይመጣሉ? ይምጡ!» አላት። ወዲያ ማዶ ጸጥ አለ፤ መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ። ቆይታ «ይኼ የማን ልጅ ነው?» አለች። ልጁ ስለ ውሻው እየዘረዘረ ሩብ ሰዓት አወራት፤ እሷም አንዴ «መቻል!» ብላ በስልኩ ስትጠራው ውሻው ጆሮውን አቁሞ በሩን ያይ ጀመር። ስልኩ ወደኔ ሲመጣ ድምፅዋ ተለውጧል። «ደግ ነው ልጄ፣ ያሳድጉት» አለችኝ። «የአባትህን ባት የነከሰው ውሻ ዘር ብቻ እንዳይሆን!»