የአባቴን ድምፅ ምን አሻከረው?

እሑድ ከሰዓት ነበር። ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። እማዬ እንደ ልማዷ ነጠላዋን አስተካክላ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና «በል እስቲ አባትህን ክፈትልኝ» አለችኝ።

አባቴ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ቀርቶታል። «አባትህን ክፈትልኝ» የምትለው፣ ሳይታመም በፊት በስልኬ የቀዳሁትን የአርባ ደቂቃ ጨዋታውን ነው። ከደብረ ብርሃን በጭነት መኪና ተሳፍሮ አዲስ አበባ እንዴት እንደገባ፣ የመጀመሪያ ደመወዙን ምን እንዳደረገበት፣ እማዬን ለማግባት ስንት ጊዜ ሽማግሌ እንደላከ ያወራል። በየመሀሉ ይስቃል። ስልኬ ታክሲ ውስጥ ከተሰረቀ ወዲህ ይህ ድምፅ ያለው ላፕቶፔ ውስጥ ብቻ ነው።

ከፈትኩት። አባቴ ገና ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳይናገር ስፒከሩ ምጣድ ላይ እንዳለ ገብስ ይንጣጣ ጀመር። ሲስቅማ ጭራሽ ሳቁ ተሰነጣጥቆ ሌላ ሰው መሰለ። እማዬ አንገቷን ወደ ላፕቶፑ አስግጋ ትንሽ ካዳመጠች በኋላ «ምነው ድምፁ ሻከረ? ያን ጊዜ ጉንፋን ይዞት ነበር እንዴ?» አለች። የምመልስላት አጣሁ። ዘጋሁት።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የላፕቶፑ መበላሸት አልነበረም ያስጨነቀኝ። የተበላሸው ፋይሉ ራሱ ቢሆንስ? ለሙት ዓመቱ ከገጠር የሚመጡ ዘመዶች እንዲሰሙት ቃል ገብቻለሁ። ከዚያም በላይ፣ አባቴን ሁለተኛ ጊዜ የቀበርኩት መሰለኝ።

ሰኞ በምሳ ሰዓት አንድ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ወሰድኩት። ባለሙያው ከፍቶ ለአንድ ደቂቃ ያህል ሰማና «ማዘርቦርዱ ነው። ሰባት ሺህ ብር፤ አስቀምጠው ሂድ» አለኝ። ብሩም ከበደኝ፤ ያቺን ፋይል ይዤ እዚያ ትቼው መሄዱም አላስችል አለኝ። ይዤው ተመለስኩ።

ማታ ጎረቤታችን ያለውን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጠራሁት። ልጁ ላፕቶፑን ሳይነካ «ጋሼ፣ ኤርፎን ሰክተው ሞክረዋል?» ሲል ጠየቀኝ።

አልሞከርኩም። ሰባት ሺህ ብር የጠየቀኝ ሰውም አልሞከረም።

ልጁ እንዳስረዳኝ፣ ድምፁ በኤርፎን ጥርት ብሎ ከተሰማ ፋይሉ ደህና ነው፤ ችግሩ ያለው ከስፒከሩ በኩል ነው። በኤርፎንም ከተንጣጣ ግን ጥፋቱ የሚፈለገው ከስፒከሩ በፊት፣ ከማጫወቻው ወይም ከፋይሉ ላይ ነው። ኤርፎኑን ጆሮዬ ውስጥ ስከት እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አባቴ መጣ። ጥርት ያለ ነው! ጭነት መኪናው ላይ ወጣ፣ መንገድ ላይ ብርድ መታው። ከዚያ ሳቀ። ሳቁ ላይ ግን አሁንም ትንሽ ተሰነጠቀ። ልቤ ወደቀ።

ልጁ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብሎ አየና «የማጫወቻውን ድምፅ ማን ነው 125 ያደረገው?» አለ።

ለካ ቪኤልሲ የተባለው ማጫወቻ ድምፅን ከ100 ፐርሰንት አሳልፎ እስከ 125 ያስኬዳል። ከ100 በላይ ያለው ግን የተፈጥሮ ድምፁ አይደለም፤ ማጫወቻው በራሱ ስሌት የሚያበዛው ነው። ዲጂታል ድምፅ ደግሞ ሊያልፈው የማይችለው ጣሪያ አለው። ቀስ ብሎ የተነገረው ቃል ጣሪያው ሥር ስለሚያልፍ ምንም አይሆንም። ሳቅ ሲመጣ ግን የድምፁ ሞገድ ጣሪያውን ይነካና ጫፉ ይቆረጣል። ያ መቆረጥ ነው በጆሯችን ስንጥቅ ሆኖ የሚሰማው። ልጁ ወደ 100 መለሰው። አባቴ እንደገና ሳቀ፤ የራሱን ሳቅ። ያን ጊዜ ፊቴን ወደ መስኮቱ ማዞር ነበረብኝ።

ልጁ ሌላ ነገር ከመንካቱ በፊት ፋይሉን ፍላሽ ላይ ገለበጠልኝ። «ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ነገር አንድ ቦታ ብቻ አይቀመጥም» ብሎም ተቆጣኝ። እውነቱን ነው።

ኤርፎኑን ስንነቅል ስፒከሩ አሁንም ይንጣጣል። ዘፈን ከፈትን፤ ያው ነው። ልጁ በቅደም ተከተል ሄደ። መጀመሪያ ያለ ሥራ የተከፈቱትን ፕሮግራሞች ዘጋግቶ ሪስታርት አደረገው፤ ኮምፒውተር ሲጨናነቅ ድምፁን በሰዓቱ ስለማያደርስ ይቆራረጣልና። ለውጥ የለም። ቀጥሎ ሴቲንግስ ውስጥ ሲስተም፣ ከዚያ ሳውንድ ገብቶ ስፒከሩን መረጠና «ኦዲዮ ኢንሃንስመንትስ» የሚለውን አጠፋው። ድምፅ ያሳምራል ተብሎ የተሠራ ነው፤ አንዳንዴ ግን የመንጣጣቱ ምክንያት ራሱ ይሆናል። እዚህም ለውጥ የለም። የድምፅ ድራይቨሩን፣ ማለትም ዊንዶውስን ከድምፅ ክፍሉ ጋር የሚያግባባውን አስተርጓሚ፣ አውጥቶ እንደገና ጫነው። አሁንም ያው።

በመጨረሻ ግራና ቀኙን ለየ። የቀኙን ድምፅ ዜሮ ሲያደርገው ግራው ብቻውን ንጹሕ ሆነ። ግራውን ዜሮ ሲያደርግ ቀኙ ድምፁ ዝቅ ተደርጎም ቢሆን ተንጣጣ። «በቃ፣ ቀኙ ስፒከር ነው። ማዘርቦርድ ቢሆን ግራውን እንዲህ ጥርት አድርጎ አያሰማንም ነበር» አለ።

በማግሥቱ ቻርጀሩን ነቅሎ፣ ላፕቶፑን አጥፍቶ በካቻቢቴ የታችኛውን ክዳን ከፈተው። መጀመሪያ የባትሪውን መስመር አላቀቀ። በቀኙ ስፒከር ላይ ያለችው ስስ ሽፋን ጠርዟ ተላቋል። ድምፅ በመጣ ቁጥር ጠርዟ እየተርገበገበ ነው የሚንጣጣው። ከሞተ ተመሳሳይ ላፕቶፕ ላይ የወጡ ጥንድ ስፒከሮች በዘጠኝ መቶ ብር አገኘን።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ «ከመክፈላችሁ በፊት በኤርፎን ሞክሩ» ብዬ እሰናበታችሁ ነበር። ልጁ ክዳኑን እየገጠመ አንድ ነገር ጠየቀኝ። «ጋሼ፣ ይሄ ስፒከር እኮ ብዙ ጊዜ ከአቅሙ በላይ እየጮኸ ነው የተቀደደው። ማነው እንዲህ ከፍ አድርጎ የሚሰማው?»

ልጆቼን ጠራኋቸው። ታናሽየዋ መሬት መሬት እያየች «እማማ ናት። አልሰማም፣ ከፍ አድርጉልኝ ትለናለች። አልበቃ ሲላት እዚያች ጋ ጨመርንላት» አለች።

ያን ጊዜ ስንት ወር ዓይኔ ሥር የነበረውን ነገር አየሁት። ቴሌቪዥኑ ሰፈር እስኪሰማ የሚጮኸው። የበር ደወል ተደውሎ እሷ ቅርብ ሆና ሌላ ሰው ከጓዳ የሚወጣው። «ሽንኩርት አለ?» ስትባል «ስልክማ አልተደወለም» ብላ ስትመልስ የምንስቀው። አዎ፣ እንስቅ ነበር። ስፒከሩ ሲታመም በሁለት ቀን ውስጥ ሁለት ባለሙያ አሳየሁ። የእናቴን ጆሮ አንድ ቀን እንኳን አላሳየሁም።

ወሰድናት። ሐኪሙ ከአንድ ጆሮዋ የደረቀ ኩክ አወጣላት፤ ትንሽ ተሻላት። ምርመራው ግን ሁለቱም ጆሮዎቿ በዕድሜ ምክንያት መድከማቸውን አሳየ። ሐኪሙ እንደነገረን፣ በዕድሜ የሚመጣ የመስማት ችግር በአብዛኛው መጀመሪያ የሚወስደው ቀጫጭኑን ድምፅ ነው። እንደ ሰ፣ ፈ እና ተ ያሉት ፊደላት ይጠፋሉ። ሰውየው እየተናገረ መሆኑ ይሰማል፤ ምን እንዳለ ግን አይለይም። ስለዚህ መጮህ ብቻውን ብዙ አይረዳም። ፊት ለፊቷ ሆናችሁ፣ ቴሌቪዥኑን ቀንሳችሁ፣ ረጋ ብላችሁ አናግሯት አለን። የመስሚያ መሣሪያም አዘዘላት፤ ዋጋው ቀላል ስላልሆነ ከእህቶቼ ጋር እያዋጣን ነው።

እስከዚያው ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ትልቅ ሄድፎን ገዛሁላት። ትንሿን ኤርፎን «ጆሮዬ ውስጥ ነገር አልከትም» ብላ እምቢ ብላ ነበር። ይህኛውን ሻሽዋ ላይ እንደ ዘውድ ደፋችው። ድምፁን 100 ላይ አድርጌ አባዬን ከፈትኩላት።

ቤቱ ፀጥ አለ። እኛ ምንም አንሰማም። እማዬ ብቻ ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች። ሽማግሌዎቹ ጋ ሲደርስ መሰለኝ፣ «ውሸታም! ሦስት ጊዜ ነው የላክኸው» ብላ ጮክ ብላ መለሰችለት። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። እሷ ግን ሳቃቸውን አልሰማችም፤ አባዬ ገና አልጨረሰም ነበር።

ለሙት ዓመቱ ዘመዶቻችን በአዲሶቹ ስፒከሮች ሰሙት። ፋይሉ አሁን በፍላሽም፣ በእህቶቼ ስልክም አለ። ከልጆቼ ጋር ደግሞ አንድ ስምምነት አድርገናል። እማማ «ከፍ አድርጉልኝ» ስትል ቁልፉን ከመንካታችን በፊት፣ ተነስተን አጠገቧ እንቀመጣለን።