ጥሬ የበተነች እጅ

የቤት እንስሳ ሁሉ ከሰው ጋራ ውል አለው። በሬ ቀንበር ተሸክሞ ገለባ ይበላል፤ ውሻ ደጅ ጠብቆ ፍርፋሪ ይለቅማል፤ ዶሮም እንቁላሏን ሰጥታ ጥሬዋን ትቀበላለች። ከእነዚህ ሁሉ ግን የዶሮ ውል እጅግ ያነሰ ስለሚመስል፣ ነገሬ ብሎ የሚመረምረው ሰው ጥቂት ነው። እንዲያውም አገሬው «ዶሮ ብታልም ጥሬዋን» እያለ ይቀልድባታል። ነገር ግን ጥሬን ማለም የሚናቅ ነገር አይደለም፤ ዶሮና ሰው የተዋወቁት በጥሬ ምክንያት ነውና።

የዶሮ ዘር የመጣው በእስያ ደቡብ ምሥራቅ ከሚኖረው ከቀዩ የዱር ዶሮ መሆኑ በሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2022 የታተመ ምርምር እንደሚያስረዳው፣ እስካሁን ከተገኘው የቤት ዶሮ አጥንት ሁሉ ጥንታዊው በታይላንድ አገር ባን ኖን ዋት ከሚባለው ቦታ የወጣው ነው፤ ዘመኑም ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1650 እስከ 1250 ባለው ጊዜ ውስጥ ይቈጠራል። ገበሬው ሩዝና ሌላም እህል በዘራ ጊዜ የዱር ዶሮ የወደቀውን ፍሬ ልትለቅም ከጫካ ወደ እርሻ ወጣች፤ ከእርሻም ወደ ደጅ ቀረበች። በኢትዮጵያም፣ በትግራይ መዝበር በሚባለው ጥንታዊ መንደር፣ ከአክሱም መንግሥት አስቀድሞ በነበረው ዘመን የተጣለ የዶሮ አጥንት ተገኝቷል። እንግዲህ የበተነችው እጅና የለቀመችው አፍ ከተዋወቁ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል።

በጎጃም ውስጥ ባለች አንዲት መንደር አንዲት ባልቴት ከልጅ ልጇ ጋራ ትኖር ነበር። አንዲት ዶሮ ነበረቻትና በመስከረም ወር 12 እንቁላል አስታቀፈቻት፤ ዶሮይቱም በ21ኛው ቀን 10 ጫጩት ፈለፈለች። በማግሥቱ ሌሊት ግን ሽለምጥማጥ ገብቶ እናቲቱን ነጠቀ። ጌታ ለኢየሩሳሌም ልጆች ያለውን ርኅራኄ ሲናገር የዶሮን ክንፍ ምሳሌ አድርጎ ነበር፤ ያ ክንፍ በታጣ ጊዜ የሚሆነው በዚያ ቤት ታየ። ሲነጋ 6ቱ ጫጩቶች በብርድ ሞተው ተገኙ፤ 4ቱ ይንጫጩ ነበር።

ልጁ የቀሩትን በጋቢው ጠቅልሎ ከምድጃው አጠገብ ተቀመጠ። ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ ሙቀት ይሻልና ከእህል በፊት እሳት አስፈለጋቸው። ከእንቁላሉ ሲወጣ አስኳሉን ወደ ሆዱ ስቦ ስለሚወጣ፣ እስከ 2 ቀን ያህል በዚያ ስንቅ መቈየት ይችላል። ባልቴቲቱ ውኃውን በገል አቀረበች፤ እንዳይሰጥሙም ጠጠር ጨመረችበት። እህሉን አድቅቃ በሰፌድ ላይ በተነች፤ የሻገተውን ለየች፤ ጨው የበዛበትን የወጥ ትርፍ ከለከለች፤ ልጁም ከኩይሳ ምስጥ እየቈፈረ አመጣላቸው።

ጫጩቶቹ ግን መልቀምን የሚያሳያቸው አልነበረም። እናት ዶሮ በአፏ መሬቱን እየነካካች ልጆቿን ታስተምራለችና፣ ባልቴቲቱ የልጁን ጣት ይዛ ሰፌዱን መታ መታ አደረገችበት። «ልጄ፣ ከእንግዲህ አፏ አንተ ነህ» አለችው። ጫጩቶቹም ጣቱን እያዩ ለቀሙ።

እንግሊዛዊው ተመራማሪ ዳግላስ ስፖልዲንግ፣ አዲስ የተፈለፈለ ጫጩት በፊቱ የሚንቀሳቀሰውን ማናቸውንም ነገር እንደሚከተል በ1873 ጽፎ ነበር። ልጁ ይህን ጽሑፍ አላነበበም፤ ነገር ግን ውኃ ሊቀዳ ቢወርድ 4 ጫጩቶች ይከተሉት ነበር። ከእነዚህም አንዱን ጭልፊት ወሰደው፤ ሁለቱ ቄብ፣ አንዱ አውራ ሆነው አደጉ። አውራውም ሲመሽ ቈጥ ከመውጣቱ በፊት በልጁ ብብት ጥቂት ሳያንቀላፋ አያድርም ነበር።

ፋሲካ ሲደርስ የማዳበሪያ ዕዳ መክፈያ ጐደለ። በጸሎተ ሐሙስ ገበያ አያትና ልጅ አውራውን ይዘው ወጡ። በገበያው ያሉት ዶሮዎች ሁሉ እግራቸው ታስሮ፣ ራሳቸው ወደ ታች ተዘቅዝቆ፣ ክንፋቸውን እያርገበገቡ ይጮኹ ነበር። የልጁ ዶሮ ግን በብብቱ ሆኖ ዝም አለ። ልጁም ዝምታውን አይቶ አለቀሰ፤ ቢጮህ ይቀለው ነበርና። «ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት» የሚባለው ትዝ አለውና፣ «እምዬ፣ አታለልኩት ወይ?» ብሎ ጠየቀ።

ባልቴቲቱ ጥቂት ዝም ብላ፣ «ያበላኸው እውነት ነው፤ ያሞቅኸውም እውነት ነው። አርዶ መብላት ለሰው ተፈቅዷል፤ ያመነህን ዘቅዝቀህ እንድትይዘው ግን ማን ፈቀደልህ? አሁንም ቀና አድርገህ ያዘው» አለችው።

ገዢው ገንዘቡን ከፍሎ እንደ ልማዱ እግሩን ሊይዝ እጁን ዘረጋ። ባልቴቲቱም፣ «ወንድሜ፣ ይኸ በብብት የለመደ ነው» አለችው። ሰውየው ሳቀ፤ ነገር ግን የልጁን ፊት ባየ ጊዜ ሳቁን ተወና ዶሮውን በጋቢው ሥር አቅፎ ሄደ።

የሰው ልጅ ከእንስሳ ጋራ ያለው ውል ከሞት አያድንም፤ ይሁን እንጂ እስከ ሞት ድረስ ያለውን መንገድ ሊያከብርለት ይገባል። ለማመን የተፈጠረ ፍጥረት አለ፤ የታመነ ሁሉ ባለዕዳ ነው፤ ይኸም ዕዳ በጥሬ ብቻ ተከፍሎ አያልቅም።

በማግሥቱ ጧት ልጁ ለሁለቱ ቄቦች እህል ይዞ ወጣ። እጁን ጨብጦ ለጥቂት ጊዜ ቆመ። ቄቦቹም አንገታቸውን አስግገው ጣቱን እያዩ ጠበቁት። እርሱም ጐንበስ ብሎ በጣቱ መሬቱን መታ መታ አደረገና በተነላቸው።