ሁለቴ ተረግጦ የሚይዝ ፍሬን

እስቲ ዛሬ ደግሞ የጋራዥ ጨዋታ ላጫውታችሁ። ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። በተለይ ደሴ ያስተማርኳችሁ ልጆች፣ በመምህራችሁ ለመሳቅ ጥሩ አጋጣሚ ነው።

የ1969 ሞዴል ሸቭሮሌት ሸቬል ማሊቡ መግዛቴን ታውቃላችሁ። ፎቶዋን ስለጥፍ "ቲቸር፣ የአያታቸውን መኪና ነው እንዴ የገዙት?" ብላችሁ የቀለዳችሁትን አልረሳሁም። ቪ8፣ 350 ሞተር ናት። እዚህ አሜሪካ "መስል ካር" ከሚሏቸው፣ ጡንቸኛ መኪና እንደማለት ነው። ችግሩ ጡንቻው በሙሉ ለመሮጥ እንጂ ለመቆም አለመሆኑ ነው። አራቱም ጎማ ላይ የነበረው ፍሬን ታምቡር ነበር። ዲስክ በዚያ ዘመን ጠፍቶ አይደለም፤ ጃጓር እኮ እ.ኤ.አ. በ1953 የለ ማንን ውድድር ያሸነፈው በዲስክ ፍሬን ነው። ሸቬል ላይም የፊት ዲስክ ተጨማሪ ተከፍሎበት ይገጠም ነበር። የእኔዋን መጀመሪያ የገዛት ሰውዬ አልከፈለም፤ ዕዳው ለእኔ ተረፈ።

ባለፈው ጥቅምት ከልጄ ጋር የዛፎቹን ቅጠል ለማየት ስካይላይን ድራይቭ ወጣን። እዚህ ቨርጂኒያ በተራራው ጫፍ ጫፍ የሚሄድ መንገድ ነው። ስንወጣ ደስ ይላል። ስንወርድ ግን ሽታው መጣ። ሐረጎን በአይሱዙ የወረደ ሰው ይህን ሽታ ያውቀዋል፤ የጋለ ሸራ። ፔዳሉ በየኩርባው ወደ ታች እየወረደ ሄደ። ማርሽ ቀንሼ፣ በሞተር ይዤ፣ የመጀመሪያው መቆሚያ ቦታ ላይ እንደምንም አቆምኳት። ልጄ አስራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ብዙ ያወራል። ያን ቀን ግን የመቀመጫውን ጠርዝ ይዞ ዝም ብሏል። እስኪበርድ ጠብቀን፣ በዝቅተኛ ማርሽ እያዘገምን ወረድን። ማታ "ይቺ መኪና ፍሬኗ ሳይቀየር ከዚህ ግቢ አትወጣም" አልኩ።

ክፍል ውስጥ ያልኳችሁን አስታውሱ። ታምቡር ሲግል ይሰፋል፤ ሲሰፋ ከሸራው ይርቃል፤ ፔዳሉ ደግሞ ያንን ርቀት ለመሙላት ይወርዳል። ሙቀቱም ውስጥ ታፍኖ ይቀራል። ዲስክ ግን ነፋስ ላይ ነው፤ ሲግልም የሚሰፋው ወደ ፓዱ እንጂ ከፓዱ አይደለም። ታምቡር አንድ ብልሃት አለው፤ መሽከርከሩ ራሱ ሸራውን እየጎተተ ያጠብቀዋል። ዲስክ ይህ እገዛ ስለሌለው ብዙ ግፊት ይፈልጋል። ስለዚህ ከዲስኩ ጋር ቡስተር ገዛሁ።

ዕቃው በሁለት ካርቶን መጣ። ዲስክ፣ ካሊፐር፣ ቱቦ፣ ቡስተር፣ አዲስ ፖምፓ፣ ቫልቭ። "የድሮው ፖምፓ ደህና ነው፤ ለምን ትቀይረዋለህ?" ያለኝ ጎረቤት ነበር። መልሱ ይኸውላችሁ። የታምቡር ፖምፓ ውስጥ መስመሩ ላይ 10 ፒኤስአይ ያህል ግፊት የምታስቀር ትንሽ ቫልቭ ልትኖር ትችላለች። ታምቡር ሸራውን የሚመልስ ጠንካራ ሞላ ስላለው አይጎዳውም። ዲስክ ግን ሞላ የለውም፤ ያቺው ግፊት ፓዱን ዲስኩ ላይ አስደግፋ እያሻሸች ታግለዋለች። የኋላው ታምቡር ሆኖ ስለቀረ ደግሞ፣ በኃይል ስትረግጡ የኋላ ጎማ ቀድሞ እንዳይቆልፍ ግፊቱን የምትመጥን ቫልቭ የግድ ናት።

መግጠሙ ሁለት ቅዳሜ ፈጀ። ልጄ ክሪክ ያነሳል፣ እኔ እፈታለሁ። (የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል አቧራውን በኮምፕሬሰር አትንፉት፤ አርጥባችሁ ጥረጉት።) ሁሉም ልክክ አለ። ከዚያ አየር ማስወጣት ጀመርን። ልጄ ይረግጣል፣ እኔ ከሥር እከፍታለሁ። ይረግጣል፣ እከፍታለሁ። አንድ ጠርሙስ ዘይት አለቀ፤ ሁለተኛው አለቀ። ፔዳሉ ስፖንጅ እንደመርገጥ ነው። "ፖምፓው ነው" ብዬ አውጥቼ፣ ጠረጴዛ ላይ አየሩን አስወጥቼ መለስኩት። ያው ነው። ሦስተኛ ጠርሙስ። ያው!

እውነቱን ልናገር። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሆኗል፣ ወገቤ ተቆርጧል። ልጄ በማግስቱ ጓደኞቹን ሊያሳይ ቀጠሮ ይዟል። "አባዬ፣ ሁለት ሦስቴ ስረግጠው እኮ ይይዛል። ቀስ ብዬ እነዳለሁ" አለኝ። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ "እሺ፣ ሩቅ እንዳትሄድ" ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

ከመተኛቴ በፊት የፊት ጎማውን ፎቶ አንስቼ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ለቀቅኩት። ሥራዬ እንዲታይልኝ ነበር፤ ምክርማ አልፈለግኩም። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ስልኬ ጮኸ። ኮምቦልቻ ጋራዥ ያለው ተማሪዬ ነው፤ እሱ ዘንድ ነግቷል።

"ቲቸር፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ የአየር ማስወጫዋ ብሎን ለምን ከታች ሆነች?"

ተነስቼ በባትሪ አየሁ። ከታች ናት። የግራውን ካሊፐር ቀኝ፣ የቀኙን ግራ ገጥሜዋለሁ! አየር ወደ ላይ ነው የሚሄደው፤ እኔ ከታች ስከፍት ዘይቱ ይወጣል፣ አየሩ ካሊፐሩ አናት ላይ ተቀምጦ ያየኛል። መቶ ጠርሙስ ብጨርስ አይወጣም ነበር።

ሳቅሁ። ከዚያ ልጄ በማግስቱ ሊነዳት እንዳሰበ ነገርኩት። እሱ ግን አልሳቀም።

"ቲቸር፣ 'ሁለቴ ተረግጦ የሚይዝ ፍሬን፣ ፍሬን አይደለም' ያሉን እርስዎ አይደሉ? እኔ ጋራዤ ግድግዳ ላይ ጽፌዋለሁ እኮ።"

መልስ አልነበረኝም። ለሰው ልጆች ያልኩትን ለገዛ ልጄ ልረሳው ነበር።

በማግስቱ ልጄ ቀጠሮውን ሰረዘ፤ ተኮሳትሮ ረዳኝ። ካሊፐሮቹን አቀያየርን፣ ብሎኗ ከላይ ሆነች። የመጀመሪያው ርግጫ ላይ አረፋው በቱቦው ውስጥ እየተንፈቀፈቀ ወጣ። ፔዳሉ ድንጋይ ሆነ። ሞተር ሳይነሳ ደጋግመን ረግጠን፣ እግራችንን ሳናነሳ ስናስነሳት ትንሽ ዝቅ አለ፤ ቡስተሩ ይሠራል ማለት ነው። ባዶ የመኪና ማቆሚያ ሄደን በቀስታ ሞከርናት፣ ከዚያ ፓዱ ከዲስኩ ጋር እንዲላመድ መካከለኛ ፍጥነት ላይ ደጋግመን ያዝ ለቀቅ አደረግናት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ያንኑ ቁልቁለት ወረድን። ልጄ ነዳ፤ እኔ ጎኑ ነበርኩ። አሁንም በዝቅተኛ ማርሽ ነው፤ ዲስክ አለ ተብሎ ቁልቁለት አይናቅም። ታች ስንደርስ መስኮቱን ከፍቼ አሸተትኩ። ምንም የለም። ልጄ መንገዱን ሙሉ ሲያወራ ነበር።

ሹፌር ለሆናችሁ አንድ ነገር ልጨምር። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይችላል፤ ውሃ ሲገባው ግን መስፈርቱ ራሱ 140 ነው። የፈላ ዘይት እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ ፔዳሉን ባዶ ያደርገዋል። ዘይታችሁ መቼ እንደተቀየረ ካላስታወሳችሁ፣ ቀይሩት።

አንተ የኮምቦልቻው፣ ስምህን አልጠራም፤ ራስህን ታውቃለህ። የግድግዳህን ፎቶ ላክልኝ። እኔም ጋራዤ ውስጥ ልጽፈው ነው።

ሰላም ግቡ።