ጎመን የማይበቅልበት ጣሪያ

የምሠራው ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ፣ ጣሪያ ላይ ነው፤ በቢሮና በአፓርታማ ሕንፃዎች አናት ላይ የተተከለውን እንከባከባለሁ። የከተማዋ ሲሶ ያህል የዝናቡም የመጸዳጃውም ፍሳሽ የሚሄደው በአንድ ቱቦ ነው። ዶፍ ሲወርድ ቱቦው ሞልቶ ወደ አናኮስቲያና ወደ ፖቶማክ ወንዞች ይገነፍላል። ስለዚህ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ2013 ወዲህ ትልልቅ ሕንፃ የሚሠራ ሁሉ 30 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ እዚያው ማስቀረት አለበት። ብዙዎቹ ይህን የሚወጡት ጣሪያቸውን ተክል በማልበስ ነው።

ምግብ ቤት ያላቸው አንዲት እናት፣ «ይህን ሁሉ ቦታ ይዛችሁ ምነው ጎመንና በሶብላ ብትተክሉበት?» አሉኝ።

«እትዬ፣ ጣሪያው አይችለውም» አልኳቸው።

እውነቴን ነው። አብዛኛው ጣሪያ ላይ ያለው አፈር 10 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። አፈር ካልነው! በእሳት ተነፍቶ የቀለለ የሸክላ ጠጠር ነው፤ ትንሽ ብስባሽ ጣል ተደርጎበታል። እሱም ውሃ ሲጠግብ በካሬ ሜትር ከ100 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል። ጎመን ደግሞ ጠለቅ ያለ አፈርና የማይቋረጥ ውሃ ይፈልጋል፤ ክብደቱን ማን ይሸከማል?

ይህን ኑሮ የሚችለው ሴደም ነው፤ የእንዳሁላችን ዘመድ። ቅጠሉን በጣት ጨመቅ ሲያደርጉት ውሃ ያዥ መሆኑ ይታወቃል። ፀሐይ ስትከር ትንንሽ ቀዳዳዎቹን ዘግቶ ይውላል፤ ሌሊት ሲበርድ ከፍቶ አየሩን ይስብና ለቀን ሥራው ያስቀምጣል። እንዳሁላ ራሱ ግን የዲሲን ውርጭ አይችልም፤ ዝምድና ብቻ አይበቃም።

ሴደም ብቻ የለበሰ ጣሪያ ለእኔ ደስ አይለኝም። አንድ በሽታ ወይም አንድ ክፉ በጋ ከመጣ ሁሉም አብሮ ይሄዳል። ቻይቭ የሚሉትን ቀጭን ሽንኩርት መሀል መሀል ብሰገስግበት ይሻለኛል፤ ንቡም ይወደዋል።

ከሁሉ የሚያታግለኝ የሕንፃ አስተዳዳሪ ነው። ክረምት ሲገባ አንዳንዱ ሴደም ይቀላል። አስተዳዳሪው «ታመመ፣ ማዳበሪያ ጨምር!» ይለኛል። መቅላቱ ግን ብርዱን መቻያው ነው። ማዳበሪያ ያለ ልክ ከተጨመረ ሴደሙ ልፍስፍስ ይላል፣ አረሙም ይፈነጫል፤ ነፋስ ያመጣው የዛፍ ፍሬም በቅሎ ሥሩን ወደ ውሃ መከላከያው ይሰዳል።

ቤት ገዝታችሁ ጣሪያውን ማልበስ ያማራችሁ ካላችሁ፣ ችግኙ ይቆያችሁ። ጣሪያው ስንት ኪሎ እንደሚችል መጀመሪያ መሐንዲስ ጠይቁ።